አይዞሽ የሚባለው ለፈራ ሰው ነው

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 43 ነው። ባለቤቴን ከአሥር ወር በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። ከቃል ሁሉ የቀረለት "አዎ" ብቻ ነው። ራበህ? አዎ። ጠገብክ? አዎ። አንድ ቀን ደክሞኝ ተናድጄ "ሰለቸሁህ አይደል?" አልኩት። "አዎ" አለኝ። በሩን ዘግቼ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሥራዬን ወደ ግማሽ ቀን ቀንሻለሁ። ሁለት ልጆች አሉን። በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶችን የጸሎት ቡድን የምመራው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጨነቀ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። አሁንም ሲያዩኝ "አንቺማ ጠንካራ ነሽ" ይሉኛል፤ እኔም ፈገግ እላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከሦስት ወር ወዲህ መጸለይ አቅቶኛል። እንበረከካለሁ፣ አፌ ግን አይከፈትም። ሌሊት ብንን እልና ሁለተኛ ቢመታውስ፣ ልጆቹስ እያልኩ ሳይነጋ አይነጋልኝም። አንዳንድ ማታ ደግሞ "ባልነቃስ" እላለሁ። አንዲት እኅት "መድኃኒቱን አስቁሚው፤ ፈውሱ የዘገየው አንቺ ስለምትጠራጠሪ ነው" አለችኝ። እውነቷን ይሆን? እምነቴን አጥቻለሁ ማለት ነው? ድፍረትስ ከየት ነው የሚመጣው?

ደክሞኛል ነኝ»

መልስ

እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያቆመኝ አንድ ቃል ነው፤ «ባልነቃስ» ያልሽው። መሀል ላይ ጣል አድርገሽው አልፈሻል። እኔ ግን እሱን ሳልመልስ ወደ ሌላው አልሄድም።

በጣም የደከመው ሰው እንዲህ ሊያስብ ይችላል። አንዳንዱ የናፈቀው እንቅልፍ እንጂ ሞት አይደለም። አንዳንዱ ግን ሳይታወቀው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንቺ የቱ ጋ እንዳለሽ ብቻሽን ሆነሽ አትመርምሪ። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ለባለቤትሽ አይደለም፣ ለራስሽ። እንቅልፍሽ እንደጠፋ፣ ማታ ማታ ምን እንደምታስቢ ሳትሸፍኚ ንገሪው። አስታማሚን የሚይዝ ድብርት ሐኪሞች የሚያውቁት፣ የሚታከምም ነገር ነው። ዛሬውኑ ደግሞ ለምታምኚው አንድ ሰው ያንኑ ቃል ድገሚለት። ሐሳቡ «እንዴት» እና «መቼ» ማለት ከጀመረ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ። ሰው ቀስቅሺ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂጂ፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ብቻሽን አትሁኚ።

ይህን ስልሽ እየወቀስኩሽ አይደለም። ከአንቺ በፊት ይህን ያሰበ ነቢይ አለ።

ኤልያስን ታውቂዋለሽ። ስንት ጊዜ አስተምረሽበት ይሆናል። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ በሕዝቡ ሁሉ ፊት እሳት ከሰማይ ያስወረደው እሱ ነው። ወዲያው ንግሥቲቱ ኤልዛቤል «ነገ ትሞታለህ» ብላ ላከችበት፤ ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ሎሌውን እዚያ ተወው። የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ብቻውን ገባ። አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ከዚያ ተኛ።

እግዚአብሔር ምን እንዳደረገ ቀስ ብለሽ ተመልከቺ። አልተቆጣውም። «ትናንት እሳት አውርጄልህ ዛሬ ምን ሆንክ?» አላለውም። መልአክ ልኮ ዳሰሰው። መልአኩም የተናገረው «ተነሥተህ ብላ» የሚል ብቻ ነው። በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ አሁንም ያው፤ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ»። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ ተኝቶ፣ ሁለት ጊዜ በልቶ፣ 40 ቀን ተጉዞ፣ ኮሬብ ዋሻ ከገባ በኋላ።

አንቺ ግን ጥያቄውን ነው ያስቀደምሽው። አሥር ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ይዘሽ «እምነቴ የት ሄደ?» ትያለሽ። እኔ መልአኩ ባስቀደመው ልጀምር። ምን ያህል ትተኛለሽ? ዛሬ ምሳ ቁጭ ብለሽ በላሽ ወይስ የባለቤትሽን ትራፊ ቆመሽ ጎረስሽ? ይህ ጥያቄ መንፈሳዊ የማይመስልሽ ከሆነ መልአኩን እዪው።

ስለ መድኃኒቱ አጭር መልስ ነው ያለኝ። አታስቁሚው። ስትሮክ የመታው ሰው የታዘዘለትን የደም ግፊት ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት በራሱ ቢያቋርጥ ሁለተኛ የመመታት አደጋው ይጨምራል። ይህን የምትልሽ እኅት ክፉ ሰው ናት አልልም። በዚህ ግን ተሳስታለች፤ ስሕተቷም ሕይወት ያስከፍላል። ጳውሎስ ብዙ ሰው ፈውሷል። ያው ጳውሎስ «ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት» ብሎ ጽፏል። ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ሕመሙ ብዛት «ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ» ብሎታል፤ «እምነትህን አስተካክል» አላለውም። አብሮት የነበረውም ሉቃስ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ተብሎ ነው የተጠራው። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታችን ጥያቄውን ራሱን ነው ያልተቀበላቸው። የባለቤትሽን አንጎል የጎዳው ደም መቋረጡ ወይም መፍሰሱ ነው። ያንቺ ጥርጣሬ አይደለም።

እኔ ይህን በሌላ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም የማውቀው። ታናሽ ወንድሜን አሥራ አራት ወር አስታምሜ ቀብሬዋለሁ። በቀብሩ ማግስት አንድ አገልጋይ «በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ የምር ቢያምን ኖሮ» አለኝ። የዚያን ቀን ከሐዘኑ ይልቅ ያቃጠለኝ ያ ቃል ነው። ሁለት ዓመት ያህል ከውስጤ አልወጣም። ለዚህ ነው ባንቺ ላይ እንዲቀመጥ የማልፈልገው።

«እምነቴን አጥቻለሁ?» ላልሽኝ፣ እምነቱን ያጣ ሰው ሦስት ወር ሙሉ አፉ ሳይከፈትለት አይንበረከክም። ትቶት ይተኛል። አንቺ ቃል ባይኖርሽም ጉልበትሽ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም። ጌታም «ሂድና እምነትህ ሞልቶ ሲፈስ ተመለስ» አላለውም፤ ልጁን አዳነለት።

ቃል ካጣሽ ደግሞ የሌላ ሰው ቃል ተዋሺ። ከ150ዎቹ መዝሙራት ሲሶ ያህሉ እሮሮ ነው። ለምን፣ እስከ መቼ፣ የት ነህ የሚል። ከሁሉ የሚጨልመው 88ኛው ነው፤ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 87 ተብሎ ተቆጥሯል። ሌሎቹ እሮሮዎች ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ወደ ምስጋና ይታጠፋሉ። ይህኛው አይታጠፍም። «ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ» እያለ ያልቃል። ልጅ ሆኜ የመጨረሻው ገጽ የተቀደደ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ ታሞ በነበረበት ጊዜ ግን ማንበብ የቻልኩት መዝሙር እሱ ብቻ ነበር። ለካ ይህም ጸሎት ነው። ምስጋና የሌለው፣ መልስ ያላገኘ፣ ግን መጀመሪያው ላይ «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ የጠራ ጸሎት። ያሰባሰቡት ሰዎች አላፈሩበትም፤ ከነእንባው በመጽሐፉ ውስጥ አስገቡት። እሱን በዝግታ፣ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው። ያ ከከበደሽ «አቤቱ» ብቻ በይና ዝም በይ። ጳውሎስ እንዴት እንድንጸልይ በማናውቅበት ጊዜ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። የማይነገር ነው ያለው። ያንቺ ዝምታ እዚያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደሚከብደው ልሂድ። «አንቺማ ጠንካራ ነሽ ይሉኛል፤ እኔም ፈገግ እላለሁ» ያልሽው።

ዲትሪሽ ቦንሆፈር የሚባል ጀርመናዊ ፓስተር ነበር። ሂትለርን በመቃወሙ በ1943 እ.ኤ.አ. ታሰረ። በበርሊን ቴገል እስር ቤት ሆኖ በ1944 አንድ ግጥም ጻፈ። ሌሎች ከክፍሉ ሲወጣ ረጋ ያለ፣ ደስተኛ፣ ጽኑ ሰው እንደሚያዩ ይናገራል። ውስጡን ግን የሚያውቀው እሱ ነው። በሽቦ ቤት ውስጥ እንደተዘጋባት ወፍ የሚቁነጠነጥ፣ ለመጸለይ እንኳ የደከመና ባዶ የሆነ። «የትኛው ነኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱን አላገኘውም። የቋጨውም ማንም ብሆን አንተ ታውቀኛለህ፣ የአንተ ነኝ በሚል ነው። ሚያዝያ 1945 ላይ በ39 ዓመቱ ተሰቅሎ ተገደለ። ዛሬ ስሙ የሚነሣው የድፍረት ምሳሌ ሆኖ ነው። ያ ደፋር ሰው «ለመጸለይ ደክሞኛል» ብሎ በእጁ ጽፏል። አንቺ የጻፍሽልኝን ማለት ነው። ልዩነቱ እሱ ለወዳጁ ልኮታል፤ አንቺ ለማታውቂያት የዓምድ ጸሐፊ።

ለምን ለቅርብሽ ሰው አልተናገርሽም? እገምታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው እንባ ስትጠርጊ የኖርሽ ሴት ነሽ። እኔ ከወደቅኩ እነሱስ ምን ይይዛሉ ትያለሽ። ምናልባትም ታፍሪያለሽ። እኔም አፍሬ ነበር።

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳላየው የኖርኩትን ነገር ላሳይሽ። በማርቆስ ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ከነአልጋው ተሸክመው መጡ። ሕዝቡ በሩን ስለዘጋባቸው ጣራውን ነድለው አወረዱት። ከዚያ ወንጌሉ «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል። እምነታቸውን። የሽባው እምነት ምን ያህል እንደነበረ አንድ ቃል አልተጻፈም። ያምን ይሁን፣ ተስፋ ቆርጦ ይሁን፣ «ተዉኝ፣ አታድክሙኝ» እያለ ይሁን አናውቅም። የተቆጠረለት የተሸካሚዎቹ እምነት ነው።

ይህን ስነግርሽ ወዲያው ባለቤትሽን እንደምታስቢ አውቃለሁ። ግማሽ አካሉ የማይሠራው፣ አልጋ ላይ ያለው እሱ ነውና። አሁን ግን የምልሽ ስለ አንቺ ነው። አልጋው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። አሥራ አንድ ዓመት የአልጋውን አንድ ጫፍ ይዘሽ ስንቱን አድርሰሻል። አሁን ተራው የነሱ ነው። ለጊዜው ማመን ቢያቅትሽ ሌሎች ስለ አንቺ ይመኑ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው ለዚህ ነው።

እኔን የተሸከመችኝ አንዲት ጓደኛዬ ናት። ወንድሜ ሊያርፍ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ማታ መጣች። ጥቅስ አልጠቀሰችም። ዕቃ ማጠቢያው ላይ የሦስት ቀን ብርጭቆ ተከምሮ ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ ማጠብ ጀመረች። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀርባዋን አያለሁ። ብርጭቆውን አንድ በአንድ እያነሣች፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ እያየች፣ ደግማ እያለቀለቀች ትደፋዋለች። መጨረሻ ላይ እጇን አድርቃ «ዛሬ እኔ ልጸልይ፤ አንቺ ተኚ» አለችኝ። እዚያው ሶፋው ላይ ተኛሁ። ስነቃ ነግቷል፤ እሷም ወንድሜ አጠገብ ተቀምጣ ጡጦ በመሰለ ኩባያ ውኃ ታጠጣዋለች። ኤልያስ ጋ የመጣው መልአክ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

ግን እሷ የመጣችው ስለነገርኳት ነው። ከዚያ በፊት «ደህና ነን፣ በጸሎት አስቡን» ነበር መልሴ። ሰው ለዚህ መልስ ምን ማድረግ ይችላል? ያስባል፣ ይሄዳል። ስለዚህ አንቺም በጸሎት አስቡኝ ብለሽ አታቁሚ። ከቡድንሽ አንዷን ምረጪ፤ የምታወራውን ሳይሆን የምትይዘውን። «ከሦስት ወር ወዲህ መጸለይ አልቻልኩም። ማታ የማስበው ያስፈራኛል። ማክሰኞ ከሰዓት መጥተሽ እሱ ጋ ተቀመጪልኝ፤ እኔ ልተኛ» በያት። ሁለተኛዋ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ታምጣ። ሦስተኛዋ ወረፋ የሚያስይዘውን የሆስፒታሉን ነገር ትከታተል። የቡድኑን መሪነት ደግሞ ለጊዜው አስረክቢ። አገልግሎቱ አይሞትም። ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የሚያገለግሉት አሁን ይሆናል።

መለመን ከከበደሽ ጳውሎስን እዪው። ሮም ታስሮ ሞቱን ሲጠባበቅ ለጢሞቴዎስ ጻፈ። «መልካሙን ገድል ተጋድያለሁ» የሚለውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ጥቂት መስመር ወረድ ስትዪ ግን «በቶሎ ወደ እኔ እንድትመጣ ትጋ» ይላል። በጢሮአዳ አክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ይለምናል። መጻሕፍቱንም። እንደገና «ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ»። በርዶታል። ሰው ናፍቆታል። ሐዋርያው ይህን ለመጻፍ አላፈረም። ጌታችንም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ሦስት ወዳጆቹን አብራችሁኝ ትጉ ብሏቸዋል። ተኙበት። ቢሆንም ጠይቋቸዋል።

ድፍረት ከየት ይመጣል ላልሽኝ እዚሁ ላይ ልመልስልሽ። ሙሴ ከሞተ በኋላ እግዚአብሔር ለኢያሱ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ጽና፣ አይዞህ» ይለዋል። አራተኛውን ሕዝቡ ይደግሙለታል። ቋንቋችን ራሱ እንደሚነግረን አይዞህ የሚባለው ለፈራ ሰው ነው። ያልፈራውን ማን አይዞህ ይለዋል? ደግሞ የተሰጠው ምክንያት «አንተ ጠንካራ ነህና» የሚል አይደለም። «ከአንተ ጋር ነኝና» ነው። አንቺን ሰዉ ሁሉ «ጠንካራ ነሽ» እያለ ያደከመሽ ለዚህ ይመስለኛል። «አይዞሽ» ያለሽ የለም። ጠንካራ ነሽ የተባለ ሰው ብቻውን ይቀራል። አይዞሽ የተባለ ግን አጠገቡ አንድ ሰው አለ።

ሌሊት ስለሚቀሰቅስሽ ፍርሃት አንድ ነገር ልጨምር። ለሁለት ክፈይው። «ሁለተኛ ቢመታውስ?» ከሚለው ግማሹ ሥራ ነው። ፊቱ በድንገት ቢጣመም፣ እስካሁን ደህና የነበረው እጁ ወይም እግሩ ቢዝል፣ ከወትሮው የተለየ መደናገር ቢያሳይ ሳትዘገዪ ወደ ሆስፒታል ነው። ደቂቃ ዋጋ አለው። የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩን በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ ልጆቹም ይወቁት። ማታ የሚጠራው ጎረቤት ወይም ዘመድ ማን እንደሆነ ወስኚ። ይህን ከጨረስሽ በኋላ የሚቀረው ግማሽ ባንቺ እጅ የሌለው ነው። ሌሊት ሲቀሰቅስሽ «የእኔን ድርሻ አድርጌያለሁ፤ የቀረው ያንተ ነው» በይ። አንዴ ብለሽው አይተውሽም። በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ ልትዪው ትችያለሽ። ጌታችንም በዚያች ሌሊት ያንኑ ጸሎት ሦስት ጊዜ ደጋግሟል።

ተስፋን በተመለከተ ልዋሽሽ አልፈልግም። ባለቤትሽ ቀኝ እጁ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ከስትሮክ በኋላ ብዙ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ግን ሰው በልምምድ ቀስ እያለ ይሻሻላል። ስለዚህ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናውን አትተዉ። ለፈውሱም ጸልዩ፤ እኔም እጸልያለሁ። የክርስቲያን ተስፋ ግን በዚያ እጅ ላይ ብቻ ቢንጠለጠል እጁ ባይነሣ ይወድቃል። ወንድሜ ሳይድን ነው የሄደው። ተስፋዬ አብሮት ያልተቀበረው በሌላ ምክንያት ነው። ከመቃብር የተነሣ አንድ አለ። ተነሥቶም ቁስሉን አልደበቀም፤ ቶማስን «ጣትህን ወደዚህ አምጣና እጆቼን እይ» ብሎታል። የችንካሩ ምልክት ከትንሣኤውም በኋላ እዚያው ነበር። ይህ ለምን እንደሚያጽናናኝ በደንብ ማስረዳት ያቅተኛል። የተጎዳው አካል ተረስቶ፣ ተጥሎ አልቀረም ማለት ነው ለእኔ። የወንድሜ የከሳ ክንድ፣ የባለቤትሽ የማይታዘዝ ጣት፣ በዚያ በተነሣው ዘንድ ይታወቃሉ።

አሁን ስለ «አዎ»።

ያን ዕለት «ሰለቸሁህ?» ስትዪው «አዎ» ያለሽ እሱ አይደለም፤ ጉዳቱ ነው። ስትሮክ የአንጎልን የንግግር ክፍል ሲጎዳ አንዳንድ ሰው አንዲት ቃል ብቻ ትቀርለትና ሌላ ሊል ፈልጎም እሷው ትወጣለች። የሚሰማው ከሚናገረው በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቃሉ አትፍረጂው፤ ዓይኑን እዪ፣ በግራ እጁ እንዲጠቁም ጠይቂው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ካገኛችሁ ይህን ሁሉ ያሳይሻል። አንድ ሌላ ነገርም አለ። መናገር ያቃታቸው አንዳንድ ሰዎች መዘመር ይችላሉ። ዜማ በአንጎል ውስጥ ሌላም መንገድ አለው። ከትዳራችሁ በፊት ጀምሮ የሚወደው መዝሙር ካለ አጠገቡ ቁጭ በዪና በዝግታ ጀምሪለት። ላይመጣለት ይችላል። ሞክሪው ብቻ።

ጸሎትም ቢሆን ከእንግዲህ ሌላ ክፍል ገብተሽ ብቻሽን አትንበርከኪ። አልጋው አጠገብ ወንበር ሳቢ፣ የማይሠራውን እጁን ያዢ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጣልሽ በይው። «ጌታ ሆይ፣ ደክሞናል፤ አትተወን» ይበቃል። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂው። ሌላ ቃል የለውምና «አዎ» ይላል። አሜንም እኮ ይሁን፣ እውነት ነው ማለት ነው።

አንድ ወር ሲሞላ ጻፊልኝ። ማክሰኞን ማን እንደወሰደችው ንገሪኝ።